ከላጢፋ ደጃፍ በላይ ያለው መስመር

ሰኔ 3 ቀን 2016

ይህ ደብተር የሥራ ደብተር ነው። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ዙፋን፣ "ጋሽ ፈቀደ፣ ጡረታዎ ስድስት ወር ቀረው፤ የሚያውቁትን ይዘውብን እንዳይሄዱ ይጻፉልን" ብትለኝ ከሳሪስ ገዛሁት። ሽፋኑ ላይ ጽጌረዳ አለበት። ሌላ ዓይነት ጠይቄ ነበር፤ የለም አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አፈርና ውሃ ጥበቃ ላይ ሠርቼ በመጨረሻ ጽጌረዳ ደረሰኝ። የሚጻፍበት አፈር በሥሩ ስለሚይዘው ስለ ቬቲቨር ሳር ብቻ ነው፤ የት ተተከለ፣ ስንቱ ጸደቀ፣ ውሃው ምን አደረገ።

ቦታው ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግርጌ ያለው ተዳፋት ነው። ከሕንፃዎቹ ጣሪያና ከአስፋልቱ የሚወርደው የዝናብ ውሃ በአንድ ትልቅ ቱቦ ተሰብስቦ ከአናቱ ላይ ይለቀቃል። ታች ያለው ቦረቦር ደግሞ በየክረምቱ መሬቱን እየበላ ወደ ላይ ይመጣል። በሁለቱ መሐል ዐሥራ አራት ቤቶች አሉ። ለገደሉ የሚቀርበው የወይዘሮ ላጢፋ ቤት ነው፤ ከጓሮ ግድግዳቸው እስከ ገደሉ አፍ በእኔ እርምጃ ዐሥራ አንድ ነው። አምና ሃያ ነበር ይላሉ። ወረዳው በራቸው ላይ በቀይ ቀለም የአደጋ ክልል ምልክት አድርጎበታል። ዘንድሮ ሳሩ አፈሩን ካልያዘ ቤቱን ጥለው ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ።

ይህን የመጨረሻውን የጻፍኩት ለሥራው አስፈላጊ ስለሆነ ነው።

ሰኔ 6

ችግኝ ጣቢያ ዋልን። ችግኝ ጣቢያ የምንላት ኦቦ ቃልቤሳ ሳሩን ለሚያፈላው የሴቶች ማኅበር የሰጧት፣ ከእርሻቸው የተረፈች ቁራሽ መሬት ናት። ኦቦ ቃልቤሳ የዚሁ መንደር ገበሬ ነበሩ። ዛሬ ጤፋቸው በነበረበት ላይ ሕንፃ ቆሟል፤ ለእሳቸው አንዲት ላምና አንድ በረት ቀርቷቸዋል። ከዘመድ ሁሉ ላሟን ይወዳሉ።

ማኅበሩ ዐሥራ ሁለት ሴቶች አሉት፤ ሰብሳቢያቸው ወይዘሮ ላጢፋ ናቸው። ከወሎ ከመጡ ሃያ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከማለዲን የሚባለው ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ትልቁን የሳር እግር ነቅሎ ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት ቡቃያ አድርጎ መገንጠል፣ ቅጠሉን ስንዝር አስቀርቶ መቁረጥ፣ ሥሩን በእበት ጭቃ መንከር። ችግኙን መንገድ ለሚሠሩ ተቋራጮች ይሸጣሉ፤ ቅጠሉን ለበዓል ጉዝጓዝና ለቅርጫት ሥራ። ከሁለቱ በሚያገኙት ነው ልጅ የሚያስተምሩት። እኔም ልርዳቸው ብዬ ቁጭ አልኩና መገንጠል ጀመርኩ።

"አቶ ፈቀደ፣ ሳሩን እንደ ሽንኩርት እየላጡት እኮ ነው" አሉኝ ወይዘሮ ላጢፋ። "ቢሮ ውስጥ ነው እንዴ የተማሩት?"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ በዚህ ሳር የምስክር ወረቀት ያለኝ ሰው ነኝ። ሆኖም እጃቸውን አየሁ። ሥሩን አይጎትቱትም፤ አውራ ጣታቸውን ሲያስገቡበት ራሱ ይለያያል። ከዚያ በኋላ እንደ እሳቸው ሞከርኩ፣ ትንሽ ተሻለኝ።

ሰኔ 9፣ እሑድ

አረፋ ነው። ሥራ የለም። የገደሉን ምልክት እንጨቶች ለማየት ብቻ ወጣሁ፤ እግረ መንገዴን ወይዘሮ ላጢፋ ቤት ገብቶ እንኳን አደረሳችሁ ማለት ደግሞ ግዴታ ነው። ሥጋቸውን እንደማልበላ ያውቃሉና ለእኔ ለብቻው ሽሮ ተሠርቶ ቆየኝ። መቼ ተሠራ? እመጣለሁ አላልኩም ነበር።

ልጃቸው ፈርሃት ለበዓሉ ከኮምቦልቻ መጥታለች። እዚያ ሱቅ አላት፤ ፈጣን ልጅ ናት። ጫማዬን ውጪ ሳስር ውስጥ የምትለውን ሰማሁ። "እማዬ፣ ይሄ መሬት አንድ ሌሊት ይውጥሽና አርፌ እቀመጣለሁ። ምን ይዞሽ ነው እዚህ?"

እናትየው ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

እንጨቶቹ አልተነቃነቁም።

ሰኔ 14

መስመር አወጣን። መለኪያችን ሁለት እግርና አንድ ማገር ያለው እንጨት ነው፤ ከአናቱ ድንጋይ በገመድ ይንጠለጠላል። ገመዱ ማገሩን እኩሌታው ላይ ሲነካ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው ማለት ነው። ሳሩ የሚተከለው ያን እኩል ከፍታ ተከትሎ ብቻ ነው። መስመሩ ካዘነበለ ውሃው መንገድ ያደርገዋል፤ ተከትሎት ይሄድና ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተሰብስቦ ይሰብረዋል። ይህን ለስንት ሠልጣኝ እንዳስተማርኩ ቁጥሩን አላውቀውም።

ሦስተኛው መስመር በልኩ ቢሄድ ከወይዘሮ ላጢፋ በር በታች ነበር የሚያልፈው። ቤቱ ከሳሩ በላይ ይቀራል ማለት ነው። እዚያ ጋ ድንጋይ ስለነበረ ትንሽ ወደ ላይ አወጣሁትና ከበራቸው በላይ አሳልፌ ወዲያ ማዶ፣ ወደ ኦቦ ቃልቤሳ በረት ግድም መልሼ አወረድኩት። ሁለት ሜትር ቢሆን ነው።

ኦቦ ቃልቤሳ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆይተው፣ "እዚህ ጋ ሽቅብ ወጣ አላለም?" አሉኝ።

"ድንጋይ አለበት" አልኳቸው።

"እዚህ እኮ ሠላሳ ዓመት አርሻለሁ" አሉና ሄዱ። ለምን እንዳነሱት አልገባኝም።

ሰኔ 20

ተከላ። ሁለት መስመር አለቀ። ጭቃ እስከ ጉልበት። ዐሥራ ሁለቱም መጡ። ወገቤ የለም።

ሰኔ 21

ሦስተኛው አለቀ። ከደጃፋቸው በላይ ያለውን ራሴ ተከልኩት። ከአንዱ እግር እስከ አንዱ ስንዝር አይሞላም፤ እዚያ ጋ ደግሞ ትንሽ አጠጋግቼዋለሁ።

ሐምሌ 2

ዘነበ። እንደተስማማነው ወይዘሮ ላጢፋ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ደውለው ሳሩ እንዴት እንዳደረ ይነግሩኛል። እኔ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ የኮዬን ዝናብ ልለካ አልችልም። ስለዚህ ስልኩ የመረጃ ጉዳይ ነው።

"ይዟል" አሉኝ ዛሬ። ሌላ አልተናገሩም። እኔም "እሺ፣ አመሰግናለሁ" አልኩ።

ሐምሌ 8

አልዘነበም።

ሐምሌ 9

አልዘነበም። ይህ ክረምት ምን ነካው?

ሐምሌ 11

ዘነበ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ላጢፋ ደወለች። ከመቶ ሰማንያው ጸድቋል። የደረቁትን እየነቀሉ መተካት ጀምረዋል። ኮንዶሚኒየም ያሉ ሴቶች ቅርጫት አዝዘዋታል፤ ከሳሩ ቅጠል የተሠራው ሽታው ደስ ይላል ብለዋት። "ከወገባችን በላይ በቅጠሉ እንበላለን፣ ከወገባችን በታች በሥሩ እንቆማለን" አለችና ሳቀች። ስለ ጉልበቷ ጠየቅኋት፤ ጭቃ ላይ ወድቃ ነበር። "የእኔንም ጉልበት ይጽፉታል እንዴ?" አለችኝ።

አልጽፈውም አልኳት። ይኸው።

ሐምሌ 18

ጽሕፈት ቤት ስብሰባ። ዙፋን ሪፖርቴን አነበበችና፣ "ጋሽ ፈቀደ፣ ሌሎች ሰባት ቦታዎች አሉን፤ በዚህ ወር ኮዬ ዘጠኝ ጊዜ ነው የሄዱት" አለችኝ። በክፋት አይደለም። ቁጥር ነው የነገረችኝ። አደገኛው ቦታ እሱ ስለሆነ ነው አልኳት። እውነት ነው፤ አደገኛው እሱ ነው።

ባለቤቴ በላይነሽ ብትኖር፣ "ፈቀደ፣ ስትዋሽ ጆሮህን ታካለህ" ትለኝ ነበር። ካረፈች ስድስት ዓመቷ። ዛሬ ጆሮዬን አላከክሁም፤ ግን እንዳላክ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የተቀመጥኩት።

ነሐሴ 3

ሌሊቱን ሙሉ። ንጋት ላይ ስልክ። "አቶ ፈቀደ፣ የኦቦ ቃልቤሳ በረት ሄደ።"

ታክሲ የለም። ባጃጅ። ከዚያ በእግር።

በረቱ ግማሹ ገደል ውስጥ። ላሟ እስከ ደረቷ ጭቃ። በገመድ አወጣናት፣ ስድስት ሰው። የኋላ እግሯ ተጎድቷል። የላጢፋ ጓሮ ዐሥራ አንድ የነበረው ዘጠኝ ሆኗል። ሦስተኛው መስመር መጨረሻው ላይ ተበጥሷል፣ በትክክል ወርዶ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ።

በትክክል እዚያ ላይ።

ነሐሴ 4

ኦቦ ቃልቤሳ ላሟን በብርድ ልብስ ሸፍነው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ወተቷ ቆሟል። እኔን ሲያዩ ቦታ ለቀቁልኝ።

መንደሩ ሳሩን ረግሟል። "ሳር ጎርፍ ይይዛል ያሉን እነሱ ናቸው" ሲል አንድ ሰው ሰማሁ፤ እኔ መሆኔን አላወቀም ወይም አውቋል። ዙፋን ሪፖርት ጠየቀችኝ። "ያልተጠበቀ ከፍተኛ ዝናብ" ብዬ ጻፍኩ። ዝናቡ ከፍተኛ ነበር። ያልተጠበቀ ግን አልነበረም፤ ነሐሴ ነው።

አሁን የጽጌረዳው ደብተር ላይ ልጻፈው። ድንጋይ አልነበረም። ሰኔ 14 ቀን ገመዱ በልኩ ቆሞ ነበር፤ መስመሩ ከበሯ በታች እንደሚያልፍ አሳየኝ። ቤቷ ከሳሩ ውጪ ሲቀር ማየት አቃተኝ። ከላይ ሁለት መስመር ነበረላት፣ ያ ይበቃት ነበር። እኔ ግን ቤቷን በሳር ማቀፍ ፈለግሁ። ውሃው ያጣመምኩትን መስመር ይዞ ሄዶ በሽማግሌው በረት ላይ ወደቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት አታጣምሙ እያልኩ ሌላውን አስተምሬ ራሴ አጣመምኩ።

ጾም ነው። ጾሙን ሰበብ አድርጌ እህል ብቻ ሳይሆን ውሃም አልቀመስኩም።

ነሐሴ 6

ላጢፋ ቢሮ ድረስ መጣች። መጥታ አታውቅም። ነጠላዋ ጫፉ ጭቃ ነክቶታል፤ ዙፋን ወንበር ስትሰጣት እንቢ አለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ሦስተኛው መስመር በእኔ ቤት ጋ ለምን ጎበጠ?"

ድንጋይ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

"በእኔ ሰበብ የሽማግሌ ሰው በረት ሲፈርስ ተኝቼ አላድርም" አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። "እኔ ለምኜዎታለሁ?"

"አልለመኑኝም።"

"እንግዲያው ይንገሯቸው። እርስዎ ካልነገሯቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ወጣች። ዙፋን ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ምንም እንዳልሰማች ሆነች። ጥሩ ልጅ ናት።

ነሐሴ 7

ነገርኳቸው። ጠዋት ኦቦ ቃልቤሳን ችግኝ ጣቢያው ጋ አገኘኋቸው፤ ላሟን ቀስ እያሉ ያራምዷታል። ድንጋይ እንዳልነበረ፣ መስመሩን ያጣመምኩት እኔ እንደሆንኩ፣ በረቱ የፈረሰው በዚያ እንደሆነ ነገርኳቸው። ስለ ማን ብዬ እንዳጣመምኩት አልተናገርኩም።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ሠላሳ ዓመት በማረሻ በሄድኩበት መሬት ላይ ድንጋይ ትደብቅብኛለህ?"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?"

"ትልቅ ሰው ነህ። በሴቶቹ ፊት ላዋርድህ?" ላሟን ቆም አደረጓት። "እኔም ጥፋት አለብኝ። ማየቱን አይቼ ዝም አልኩ። ለሰው ፊት ብዬ ላሜን አስመታሁ።"

ይቅርታ አልኳቸው። ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። ከዚያ፣ "ሴትየዋ ታውቃለች?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"መስመሩን ነዋ" አሉ። የሳቁት ግን በመስመሩ አይደለም።

ለዙፋንም ሪፖርቱን አስተካክዬ ጻፍኩላት፤ "የባለሙያ ስህተት" ብዬ፣ ስሜን አስገብቼ። አንብባ ፋይል ውስጥ ከተተችው። በረቱን ማኅበሩና እኔ እንሠራለን፤ ከገደሉ ወደ ላይ አርቀን።

ነሐሴ 9

ሦስተኛውን መስመር አስተካከልን። እንጨቱን ኦቦ ቃልቤሳ ራሳቸው ያዙት፣ ገመዱን እሳቸው አዩት፤ እኔ ካስማ ብቻ ተከልኩ። ይገባኛል። መስመሩ ከላጢፋ በር በታች አለፈ። የተጣመመውን ለመንቀል ዶማ ሳነሳ ላጢፋ ተቀበለችኝ።

"ከደጄ በላይ ያለውን እኔ ነኝ የምነቅለው" አለች። "ለእኔ የተተከለ ነው።"

ሌሎቹ ሴቶች ሥራቸውን ቀጠሉ። እሷ እግር በእግር ነቀለችው። ሥሩ በሰባት ሳምንት ከክንዷ በላይ ረዝሟል፤ አፈሩን ይዞ አልለቅም ይላል። አንዱንም ሳትጥል በእቅፏ ወስዳ ከታች በቀናው መስመር ላይ መልሳ ተከለችው። እኔ ውሃ አቀበልኳት። ቅር የተሰኘችብኝ አልመሰለኝም።

ነሐሴ 16

ጾም ተፈታ። ትልቅ ዝናብ ጣለ። ስልክ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ምሳዬ ቀዘቀዘ።

"ይዟል" አለች። ከዚያ፣ "ጾም ፈቱ እንዴ? ምን በሉ?"

ቆንጆ ምሳ በላሁ አልኳት።

ነሐሴ 29

ምልክት እንጨቱ ዘጠኝ ላይ እንደቆመ ነው። ከሳሩ ኋላ ደለል ተከማችቷል፤ ከቱቦው ወርዶ ገደል ይገባ የነበረው አፈር እዚያ አርፎ መሬት እየሆነ ነው። ኦቦ ቃልቤሳ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዘገኑት፣ አሸተቱት። "የእኔ አፈር ነው" አሉ። "ከሕንፃው ሥር ወጥቶ መጣልኝ።" ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ላሟ ማንከሷን አልተወችም፤ ወተቷ ግን ተመልሷል።

መስከረም 1 ቀን 2017

እንቁጣጣሽ። ማኅበሩ ሰሞኑን ቅጠሉን ለጉዝጓዝ አጭዶ ኮዬ ታክሲ ተራ ላይ ሸጧል፤ አንድ እስር አልተረፈም። ትናንት ልሰናበት ስል ላጢፋ ከቤት አንድ እስር አወጣችልኝ። "ይሄን አስቀርቼልዎት ነው። በዓል ባዶ ወለል ላይ አይዋልም" አለች።

ጎዘጎዝኩት። የላይ ቤት ልጆች አበባዮሆሽ ሊዘፍኑልኝ መጥተው፣ "ጋሼ፣ እንግዳ አለብዎት እንዴ?" አሉኝ። የለብኝም አልኳቸው። ከሄዱ በኋላ ሳሩ መሐል ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ስድስት ዓመት በዓል ሲመጣ ቴሌቪዥን ከፍቼ የምተኛበት ቤት ዛሬ ሰው የሚጠበቅበት መሰለ።

ይህ ስለ ሳሩ አይደለም፤ ልተወው አልቻልኩም። ናፍቃኛለች። ትናንት አይቻታለሁ፤ ዛሬም ናፍቃኛለች። እሷ በሃይማኖቷ ናት፣ እኔም በሃይማኖቴ። እኔ ስድሳኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እሷ መስገጃዋን ዘርግታ ስትሰግድ ደጅ ቆሜ እስክትጨርስ የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ ከዚያ በላይ ምን ልሆን እንደምችል አላውቅም። ምናልባት መጠበቁን ብቻ ይሆናል የምፈልገው። በላይነሽን ይቅርታ ጠየቅኋት። ፎቶዋ እንደ ወትሮው ፈገግ እንዳለ ነው።

መስከረም 10

ከቤቷ በራፍ ላይ ተቀምጠን ቅርጫት እየሠራች ነገረችኝ። ሳሪስ መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ሰው ቤቷን ሊገዛ ይፈልጋል። ሰውየው ገደሉን አይቷል፣ ሳሩንም አይቷል፤ አልፈራም። ወረዳው ግን ቀዩን ምልክት ካላነሳ ስሙ አይዛወርም። ምልክቱን ለማንሳት የባለሙያ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

"ፈርሃት መንታ ልትወልድ ነው" አለችኝ። "ሱቁም አለ። በየቀኑ ትደውላለች።"

"እርስዎስ?" አልኳት።

ቅርጫቱን አገላብጣ አየችው። "እኔ ደብዳቤውን ነው የምጠብቀው" አለች።

ባለሙያው እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ ወረዳው ውስጥ ስለዚህ ሳር የሚፈርም ሰው የለም።

መስከረም 13

ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። አንደኛው እንዲህ ይላል፤ "ከነሐሴ 9 ጀምሮ የገደሉ ጠርዝ አልተንቀሳቀሰም። ሳሩ ይዟል። እንክብካቤ ካልተጓደለበት ቤቱ ለመኖሪያ ያሰጋል ተብሎ አይገመትም።" ሁለተኛው ደግሞ፣ "ሳሩ ሙሉ በሙሉ ሥር መስደዱን ለመመስከር ሁለት ክረምት መጠበቅ ይመረጣል" ይላል።

ሁለቱም ውሸት አይደሉም። የሙያችን መጽሐፍ ሁለቱንም ይላል። ችግሬም ይኼው ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ቀዳድጄ እጥለው ነበር። ሁለተኛውን ብሰጣት ሁለት ክረምት አለኝ ማለት ነው። ሁለት ክረምት ስንት ዝናብ ነው፣ ስንት ስልክ ነው።

መስከረም 15

አልሰጠኋትም። ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ላክሁባት። ሥራ አልበዛብኝም።

መስከረም 17

መስቀል። ደመራ አልሄድኩም። ምልክት እንጨቱን ለማየት ወጣሁ፤ ዘጠኝ። ሦስት ጊዜ ተራመድኩት። እርምጃዬን አስረዝሜ ስምንት ተኩል ላደርገው እንደሞከርኩ ያወቅሁት ሦስተኛው ላይ ነው። አፈርኩ።

እሷ ደጅ ልብስ እያሰጣች ነበር። "ደህና ነው?" አለችኝ ከሩቅ።

"እያየሁት ነው" አልኳት።

መስከረም 20

ዛሬ ጠዋት አንድ ነገር ራሴን ጠየቅሁ። ቤቱ የኦቦ ቃልቤሳ ቢሆን የትኛውን እሰጣቸው ነበር? ሳላመነታ የመጀመሪያውን። የሌላ የማንም ቢሆንስ? ያንኑ። እንግዲያው ሁለተኛውን የጻፈው ባለሙያው አይደለም። አንድ ጊዜ ለእሷ ብዬ አጣምሜ ያደረስኩትን አይቻለሁ። ሁለተኛ አላጣምምም።

የመጀመሪያውን ፈረምኩ። ዙፋን ማኅተሙን ስትመታ፣ "እርግጠኛ ነዎት፣ ጋሽ ፈቀደ?" አለችኝ። ስለ ሳሩ አልነበረም የጠየቀችው። ስለ ሳሩ እርግጠኛ ነኝ አልኳት።

ራሴ ወሰድኩላት። ቆማ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ። እጥፍጥፍ አድርጋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

"በመጨረሻ ጻፉት" አለች።

"እውነቱ እሱ ነው።"

"እርስዎ ከጻፉትማ እውነት ነው" አለች። ሻይ አቀረበችልኝ። ስኳር መጨመር ረሳች፤ እኔም አላስታወስኳትም።

መስከረም 28

ቀዩን ምልክት አነሱት። በቀለም አይደለም፤ በሩን ፍቀው ነው።

ጥቅምት 6

ኮምቦልቻ ሄደች።

ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ጓዟ ሦስት ኬሻና አንድ ማዳበሪያ ነው፤ ማዳበሪያው ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የቬቲቨር ችግኝ አለ፤ ኮምቦልቻም ገደል አይጠፋም አለችኝ። አውቶቡሱ እስኪሞላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። መንገዱ ሰላም እንዲሆን፣ ስትደርስ እንድትደውል፣ ጉልበቷን ብርድ እንዳታስመታ ነገርኳት። ሁሉንም እሺ አለች።

ረዳቱ ተሳፋሪ ሲጠራ ተነሳች፣ ከዚያ መልሳ ተቀመጠች።

"ለፈርሃት ምን ብያት እንደነበር ልንገርህ?" አለችኝ። "አንተ" ብላኝ አታውቅም። "ባለሙያው ሁለት ክረምት ጠብቂ ካለኝ እቀራለሁ፤ ቤቱ ደህና ነው ካለኝ እመጣለሁ ብያት ነበር። ዐሥር ቀን ደብዳቤውን ስታቆይብኝ ዱዓ ሳደርግ ነበር።"

"ምን ብለሽ?" አልኳት።

መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። "አሁን ምን ያደርጋል" አለችና ተሳፈረች። በመስኮቱ በኩል ቦታ ስላላገኘች ሲሄዱ አላየኋትም።

ጥቅምት 8

አዲሱ ባለቤት መጣ። ደግ ሰው ነው። ሳሩን በስንት ጊዜ እንደሚያጭድ፣ ሥሩን መንካት እንደሌለበት አሳየሁት። ጓሮውን አብረን ተራመድነው፤ የእሱ እርምጃ ረጅም ነው፣ ለእሱ ስምንት ሆነ። ኦቦ ቃልቤሳ ከወዲያ ማዶ አይተውኝ ከዘራቸውን አነሱ፤ አልተጠጉም።

ደብዳቤው ትክክል ነው። ዛሬ እንደገና ጻፍ ብባል ያንኑ እጽፋለሁ፣ አንድ ፊደል አልለውጥም። የሚያንገበግበኝ እሱ አይደለም። ያን ሁሉ ቀን ሁለት ወረቀት ፊቴ ዘርግቼ የቱን ልስጣት እያልኩ ስባዝን፣ ወረቀቱን እንደ ፈረምኩት ሰጥቻት፣ "ቤቱ ደህና ነው፤ አንቺ ግን አትሂጂብኝ" ልላት እንደምችል አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ለእሱ ማኅተም አያስፈልገውም ነበር።